ቀለበት ቁጥር ሃያ ሰባት

ሶሓር ላይ ነሐሴ እርጥብ ፎጣ ነው፣ ፊት ላይ የሚጠመጠም፤
ከበሩ ስወጣ መነጽሬ ይታወራል፣ መንገዱም አይታየኝም።
ከባሕሩ ዳር የደረቀ ሰርዲን ይሸታል፤
ውስጥ ግን ፎርማሊን ብቻ፣ ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ያጉረመርማል።

ሥራዬ ጨለማ ይወዳል።
እንቁላሉን ከመብራቱ አፍ ሳስጠጋው
ቀይ ሥር ይታየኛል፣ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋው፣
መሐሉ ላይ አንዲት ነጥብ፣ ዓይን ልሁን የምትል።
ዘጠኝ ቀን የሞላውን በእርሳስ ምልክት አደርግበታለሁ፣
ቅርፊቱን በስቼ በሽታውን እሰጠዋለሁ፣
ቀዳዳውን በሰም እደፍናለሁ።
እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፣ ይላሉ የኛ ሰዎች፤
እነዚህ አይሄዱም።
በነሱ ፋንታ የሚሄደው በሽታው ነው፤
ካንዱ ወደ ሌላው ስልሳ አራት ጊዜ ቤት አስቀየርነው፣
እስኪሰለች፣ እስኪለዝብ፣ ጥርሱ እስኪዶለዱም ድረስ፣
የደጅ ውሻ እስኪሆን፣ የሚጮኽ እንጂ የማይነክስ።

በእኔ አገር ፈንግል ነው፤ ስሙ ራሱ ገፍቶ ይጥላል።
እዚህ ቁጥርና ሰረዝ ሆኖ ማቀዝቀዣው ላይ ተጽፏል።

ዶክተር ጦይባ የባጢናን እርሻዎች አንድ በአንድ ታውቃለች፤
"የድሮው ክትባት አርጅቷል፣ ቫይረሱ ልብስ ቀይሯል" ትላለች።
አባቷ ሰሓም ላይ ስድስት ቤት ሙሉ ዶሮ ቀብሯል፣ በአንድ ሳምንት፤
እሷ አታወራውም። የነገረኝ ጉድጓዱን የቆፈረው ሹኩር ሚያ ነው።

ሠላሳ ጫጩት በካርቶን መጣልን።
ሃያው ጠብታውን በዓይናቸው ተቀበሉ፤
አሥሩ ምንም። ንጹሕ ውሃ። ማነጻጸሪያ ይባላሉ።
ከሦስት ሳምንት በኋላ በሽታውን ሁሉም እኩል ይስባሉ፤
አሥሩ ካልታመሙ ሃያው ዳኑ ማለት አይቻልም።
ይህን አውቃለሁ። ፈርሜበታለሁ፣ በሁለት ቋንቋ።

ግን ሃያ ሰባት ቁጥር፣
እጄን ስዘረጋ ሳትጠራ የምትወጣ፣
የጓንቴን ጫፍ ነክሳ አልለቅም የምትል፣
አውራ ጣቴ ላይ ዓይኗን የምትከድን።
አንድ ሌሊት በብልቃጡ አንገት የተረፈች ጠብታ ነበረች፤
ልጥላት ብዬ አነሳኋት።
የጣልኳት ዓይኗ ውስጥ ነው።
አንዴ ጨፈን አደረገች፤ አለቀ።

በአራተኛው ቀን ዘጠኙ ምንቃራቸውን ከፍተው ቆሙ፤
ትንፋሻቸው ጀልባ እንደሚጎትት ገመድ ሲጥ ይላል።
ሃያ ሰባት ጥሬዋን ትለቅማለች።

ጦይባ ደም ቀዳች፤ በማግስቱ ሰሃኑን ፊቴ አኖረች፤
ቀዩ ከሥር ረግቷል፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ ሆኖ።
ዶሮ ጭራ ጭራ ካራ ታወጣለች፤ ይህን ያልኩት ለራሴ ነው።
እሷ "ማን?" አለች።
"እኔ።"
አልጮኸችም። ጓንቷን አወለቀች፣ ጣት በጣት።
"ሦስት ወር" አለች፣ "ከእንቁላሉ ጀምሮ።"

በዚያ ሦስት ወር ሹኩር ሚያ ሁለት ጊዜ አካፋውን ጭኖ ሄደ፤
አንዴ ወደ ሺናስ፣ አንዴ ወደ ኻቡራ።
ቁጥሩን ማንም አልነገረኝም፤ ጠይቄ ነው ያወቅሁት፤
አሥራ አንድ ሺህ።
እሷስ? ከሙከራ ቤት በሕይወት የሚወጣ የለም፤
ዳነች እንጂ አልወጣችም።

አሁን ሌላ ሠላሳ ናቸው፤ ሃያ ሰባትም ሌላ ናት፤
እሷም ጓንቴን ትነክሳለች፤ ማንም አላስተማራት።
ብልቃጡን አስቆጥሬ አስረክባለሁ፣ ትራፊው ለእሳት።
በአራተኛው ሌሊት ከመስታወቱ ውጭ ቆምኩ፣
ትንፋሿን ቆጠርኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ፣
እጄ ሳይንቀጠቀጥ። አይ፣ ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤
ሰባቱ አንድ መስሏል።
ጦይባ ጠዋት አየችው፤ አስተካክላ ጻፈችበት፣
ፊርማዋን ከጎኑ አኖረች፤ ምንም አላለችም።

ከመስታወቱ ወዲያ ሃያው ጥሬ ይለቅማሉ፣
ምንም እንዳልተደረገላቸው።